ተጠባባቂው ልጄ እና የፓሪሱ ማራቶን

ውድ አባላት፣ ከደብረ ብርሃን ሰላም ይድረሳችሁ።

ፍልሰታ ገባ። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ቅዳሴ እስኪወጣ እጾማለሁ ብላ ጸንታለች። ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ረቡዕ ልምምድ ቀረ።

ትንሹ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ ነበር። አሰልጣኙ ተጠባባቂ አድርጎታል። ቅዳሜ ነሐሴ 4 ጠዋት፣ ጋቢ ለብሰን የፓሪስ ኦሊምፒክን የወንዶች ማራቶን አብረን አየን። ታምራት ቶላም ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ሲወስድ ልጄ ዘሎ ተነሳ። «እማዬ፣ እውነት እሱም ተጠባባቂ ነበር?» አለኝ። እንባዬ መጣ። በማግስቱ በሴቶቹ ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ የብር ሜዳሊያ ጨመረችልን፤ እልል አልን።

ዝናቡ ፋታ ከሰጠን ማክሰኞ 10 ሰዓት ልምምድ አለ። ለልጆቹ ቅያሪ ካልሲና ሹራብ እንያዝላቸው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ።