ክብደት ሲቀንስ መድኃኒቱም ይታይ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ክብደት መቀነስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ እንቅስቃሴውም ተነስቷል። መድኃኒት ግን ተረስቷል።

እናቴ በቀን 6 ዓይነት መድኃኒት ትወስድ ነበር። በአንድ ዓመት 11 ኪሎ ስትቀንስ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ከአልጋ ስትነሳ ያዞራት ጀመር። አንድ ቀን ወደቀች። ለካ ክብደቷ ሲቀንስ የደም ግፊቷም ወርዷል፤ ኪኒኑ ግን በድሮው መጠን ነበር። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ኢንሱሊን እየወሰደ ምግብ የቀነሰ ሰው መጠኑ ካልተስተካከለለት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። ኢንሱሊን ራሱ፣ ፕሬድኒሶሎን (ብግነትን የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት)፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሰው ግን “ሆዴን መግዛት አቃተኝ” እያለ ራሱን ይወቅሳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

በራስ ፈቃድ ማቆም ግን አይሆንም። ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ ወስዶ ድንገት መተው ለሕይወት ያሰጋል። እኛ የምትወስደውን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዘን ሐኪሟ ፊት ዘረገፍነው። አንዱን አስቆማት፣ የሌላውን መጠን ቀነሰላት። ማዞሩም ተዋት።

አንባቢያችሁ