ሰማንያው ከመቀደዱ በፊት ቀን ይቁረጡልን

ግልጽ ደብዳቤ ለእንግሊዝ የቤቶች፣ የማኅበረሰቦችና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር

የተከበሩ ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልኬልዎታለሁ። ይኼኛው አማርኛው ነው። የጻፍኩት ጎረቤቶቼና የእቁብ ጓደኞቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ ነገሩ የፍላት ሊዝ ማራዘሚያ ዋጋ ነው፤ እነሱንም ይመለከታል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ2015 ደቡብ ለንደን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት ገዛሁ። ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ። አንድ አባት ተነሥተው "የልጅ ልጅ ይውረሰው" ብለው መረቁኝ፤ አሜን አልን። የልጅ ልጅ የሚወርሰው ምን እንደሆነ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ፍላቱ ሊዝሆልድ ነው። ከ2002 የሚቆጠር የ99 ዓመት ሊዝ። እኔ ስገባ 86 ዓመት ቀርቶት ነበር።

ሊዝ የሚለውን ቃል እኛ ከአገራችን ይዘነው መጥተናል። አዲስ አበባም ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ሊዝ 99 ዓመት ነው። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። እዚያ በሊዝ የሚያዘው መሬቱ ነው፤ ቤቱ የራስህ ነው። እዚህ ግን ፍላቱ ራሱ ዓመት ተቆርጦለታል። ጣሪያውና ደረጃው ደግሞ ጭራሽ የሌላ ሰው ነው፤ አንተ ማሳደሻውን ብቻ ትከፍላለህ።

አልዋሽም፣ ሶሊሲተሬ፣ የቤት ግዢውን የያዘልኝ ጠበቃ፣ ይህን በሪፖርቱ ላይ ጽፎልኛል። ወፍራም ሪፖርት ነበር። እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ የምፈርምበትን። በዚያ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ ሌላ ቦታ ነበር፤ ቅድመ ክፍያው ከየት እንደመጣ አስረዳ ተብዬ እቁብ የሚባለውን ነገር በእንግሊዝኛ ለማብራራት እየታገልኩ ነበር። ሃያ ሰው በየወሩ ገንዘብ ሰብስቦ ለአንዱ ይሰጣል ብትለው የትኛው የሕግ ባለሙያ ነው የማይደነግጥ?

አሁን ወደ ሰማንያው ልምጣ።

በእኛ አገር ሰማንያ ማለት የጋብቻ ውል ነው። ሰማንያው ተቀደደ ከተባለ ትዳሩ ፈረሰ ማለት ነው። የእናንተም ሕግ፣ መቼም አጋጣሚ ነው፣ ጋብቻን 80 ላይ አስቀምጦታል። ሊዙ ከ80 ዓመት በታች ከወረደ በኋላ ላራዝም ያለ ሰው "ማሬጅ ቫሊዩ" የሚባል ነገር ይከፍላል። የጋብቻ ዋጋ እንደማለት። ሊዙ ሲራዘም የፍላቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ጭማሪ ግማሹን የፍሪሆልዱ፣ ማለትም የሕንጻውና የመሬቱ፣ ባለቤት ይወስዳል። ሽማግሌ አልተላከ፣ ድግስ አልተበላ፣ ጥሎሹ ግን በእኛ ላይ ነው። የእሱንም ጠበቃና ገማች የምንከፍለው እኛው ነን።

የእኔ ሊዝ በ2021 ከ80 በታች ወረደ። በዚያ ዓመት አንድም ሰው አልደወለልኝም። ሞርጌጁን የሰጠኝ ባንክ በየዓመቱ የሒሳብ መግለጫ ይልካል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት በየስድስት ወሩ የሰርቪስ ቻርጅ፣ የሕንጻው የጋራ ወጪ፣ ደረሰኝ ይልካል። ካውንስሉ ስለ ቆሻሻ ማስቀመጫ ቀለም ሳይቀር ይጽፍልኛል። ስለዚህ ነገር ግን አንድ መስመር የጻፈልኝ የለም። ያወቅሁት ዘንድሮ ሞርጌጁን ላድስ ስል ነው። ደላላው "76 ዓመት ነው የቀረው፣ ታውቃለህ አይደል?" አለኝ። አላውቅም ነበር።

ይኼ እንግዲህ የእኔ ስንፍና ነው ይበሉ፤ እቀበላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእናንተ ነው።

በግንቦት 2024 ፓርላማው የሊዝሆልድና የፍሪሆልድ ማሻሻያ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ የጋብቻውን ዋጋ ያስቀራል። ማራዘሚያውን ከ90 ዓመት ወደ 990 ያሳድገዋል። የባለፍሪሆልዱን ወጪ መሸፈኑንም በአብዛኛው ከእኛ ላይ ያነሳል። እሰየው! ከዚያ በጥር 2025 ሊዝ ለማራዘም ሁለት ዓመት ባለቤት ሆኖ መቆየት ግድ የነበረበት ደንብ ተነሣ። ይህንንም አመሰግናለሁ። ዋናው ግን፣ ዋጋውን የሚቀንሰው ክፍል፣ ይህን ስጽፍ ገና ሥራ ላይ አልዋለም።

እኔ ታዲያ ምን ላድርግ? ዛሬ ላራዝም ብል ነገ የሚሰረዘውን ክፍያ ከፍዬ እገኛለሁ። ልጠብቅ ብል ደግሞ ሊዙ አይጠብቀኝም፤ በየዓመቱ አንድ ዓመት ያልቃል፣ ማራዘሚያውም ይወደዳል። ልሽጥ ብል የገዢው ባንክ ሊዙን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ጓደኞቼን ብጠይቅ ግማሾቹ "ክፈልና ተገላገል" ይላሉ፣ ግማሾቹ "እብድ ነህ? ጠብቅ" ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው በግምት ነው። ቀኑን የሚያውቅ ሰው የለማ። አንድ ሕግ ይመጣል ተብሎ ከተነገረ በኋላ ቀን ሳይቆረጥለት ሲንጠለጠል፣ ሰው በድሮው ሕግ ከሚጎዳው በላይ ይጎዳል ባይ ነኝ።

አንዲት ጎረቤቴ አሉ፣ እትዬ እላቸዋለሁ፣ ጡረተኛ ናቸው። ባለፈው ዓመት ስለ ጣሪያ እድሳት ደብዳቤ መጣላቸው። የንግድ ማስታወቂያ መስሏቸው ጣሉት። ለካ የአንቀጽ 20 ማስታወቂያ ነበር። በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ መሠረት ከአንድ ባለፍላት ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ እድሳት ሲታሰብ ባለፍሪሆልዱ አስቀድሞ ማማከር አለበት፤ ነዋሪው አስተያየቱን ለመስጠት 30 ቀን አለው። ካላማከረ፣ ልዩ ፈቃድ ከፍርድ ጉባኤው ካላገኘ በቀር፣ ከ250 በላይ ማስከፈል አይችልም። ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ችግሩ የደብዳቤው ቋንቋ ነው። እትዬ ልጃቸውን ሳይጠሩ ሊያነቡት የሚችሉት ዓይነት አይደለም። ልጃቸውም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አልገባውም።

ወደ እኔ መጥተው የጠየቁኝ ግን ስለ ጣሪያው አልነበረም። "ባልከፍል ቤቴን ይወስዱታል?" ነው ያሉኝ። አይወስዱትም ልላቸው ፈለግሁ። ሕጉን ሳየው ግን የግራውንድ ሬንት፣ ለባለፍሪሆልዱ የሚከፈለው የመሬት ኪራይ፣ ዕዳ ከ350 ፓውንድ ካለፈ፣ ወይም ትንሹም ዕዳ ከሦስት ዓመት በላይ ከቆየ፣ ባለፍሪሆልዱ ሊዙን ለማሰረዝ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለሰርቪስ ቻርጅ መጀመሪያ ዕዳው ተረጋግጦ መወሰን አለበት። ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ አውቃለሁ። በ350 ፓውንድ ዕዳ ቤት ሊሄድ መቻሉ ግን ለሴትዮዋ እንቅልፍ አይሰጥም። ከሰኔ 2022 መጨረሻ ወዲህ በሚጻፉ አዳዲስ ሊዞች ላይ ግራውንድ ሬንት ቀርቷል። የእትዬ ሊዝ አሮጌ ነው።

አንድ ነገር በመሀል ልጨምር። ጉዳዩ የእናንተ ሳይሆን የግምጃ ቤቱ ነው፤ ግን እናንተ ጎረቤት ናችሁ። እህቴ ዘንድሮ በበርሚንግሃም በ290,000 ፓውንድ የመጀመሪያ ቤቷን ገዛች። "የመጀመሪያ" ስትል ስታምፕ ዲዩቲ፣ የቤት ግዢ ግብር፣ የለብኝም ብላ ነው፤ ለመጀመሪያ ገዢ እስከ 300,000 ድረስ ዜሮ ነውና። ነገር ግን እናታችን ስታርፍ ከጉለሌው ቤት ሩቡ ለእሷ ደርሷታል። ሕጉ በዓለም ላይ የትም ቤት ኖሮህ አያውቅም ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ውርስም ይቆጠራል። 4,500 ፓውንድ ከፈለች። ሕጉ ስሕተት ነው አልልም። ያናደደን፣ ያወቀችው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ውሉን ልትለዋወጥ አንድ ሳምንት ሲቀራት መሆኑ ነው። አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ የቤተሰብ ቤት በስማችሁ ያለ፣ ይህችን ልብ በሉ። ሶሊሲተሩ ሳይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት።

በመጋቢት 2025 ስለ ኮመንሆልድ ያወጣችሁትን ሰነድ አንብቤዋለሁ። ፍላቱ ያለ ዓመት ገደብ የራስህ፣ ደረጃውና ጣሪያው የነዋሪዎቹ ማኅበር። እንግሊዝ ይህን ሕግ በ2002 አውጥታው እስካሁን የሠራችበት በጣም በጥቂት ሕንጻዎች ነው። ለእኛ ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ከ2003ቱ አዋጅ ጀምሮ ኮንዶሚኒየሙን በማኅበር ነው የምታስተዳድረው። ማኅበሩ ይጨቃጨቃል እንጂ! በውኃ ሮቶ ይጣላል፣ ገንዘብ ያዡ ይታማል። ግን የሚታማው ሰው ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፤ አንኳኩተህ ታገኘዋለህ። የእኔን ሕንጻ ባለቤት በአሥር ዓመት አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ያ የ2024ቱ ሕግ የማራዘሚያውን ዋጋ የሚቀንስበትን ቀን ይቁረጡልን። ሩቅም ይሁን፣ ቀን ይሁን። ሁለተኛ፣ ሊዙ 85 ዓመት ላይ ሲደርስ ባለፍሪሆልዱ ለነዋሪው አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲልክ ያስገድዱት፤ ስንት ዓመት ቀረ፣ 80 ሲያልፍ ምን ይሆናል፣ ነጻ ምክር የት ይገኛል የሚል። ነጻ ምክር የሚሰጥ የሊዝሆልድ አማካሪ ተቋም አላችሁ፤ እኔ መኖሩን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው።

መልሱን በእንግሊዝኛ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል። ለእትዬ እኔ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
76 ዓመት የቀረው፣ ደቡብ ለንደን