ፓንክረስት የሐውልት ሰው ብቻ አልነበሩም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን የአክሱም ሐውልት ከጣሊያን እንዲመለስ ባደረጉት ትግል ላይ ብቻ ቆመ። ሰውየው እኮ ዋና ሙያቸው የኢኮኖሚ ታሪክ ነበር። ለንደን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1956 አዲስ አበባ መጡ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ሆኑ። ከነገሥታቱ ባሻገር ስለ አሞሌ ጨው፣ ስለ ማርትሬዛ ብር፣ ስለ ገበያና ስለ ረሃብ ጻፉ።

ይሄ እኛን ድሬዎችን በደንብ ይመለከተናል። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። ባለፈው እዚሁ መጋላ ሰፈር ለውዝ ገዛሁ። የተጠቀለለበት ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ የድሮ ነጋዴ ደብተር ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ቡናው በፈረሱላ ተመዝኗል፣ ዋጋው ከጎኑ ሰፍሯል። ቀለሙ ቢደበዝዝም ቁጥሩ ይነበባል። ባለሱቁ ላይ አልፈርድም፤ ለእሱ ያው መጠቅለያ ነው። ለታሪክ አጥኚ ግን የማይገኝ ሀብት ነው።

እስቲ በሚቀጥለው እትም እንዲህ ያለውን ወረቀት ማን ይሰብስበው ብላችሁ ጠይቁልን። የእኔን ገጽ ከነጨው ብናኙ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከዚራ፣ ድሬዳዋ