ሁለተኛው ሰብዉፈር ለጩኸት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኮንዶሚኒየም ጎረቤት ስለሚረብሽ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ሲወራ መፍትሔው ሁልጊዜ «ቀንሱት» ነው። ባለቤቱ ድምፁን የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ሶፋው ላይ ስለማይሰማው መሆኑ ግን አይነሳም።

ጥፋቱ የሳሎኑ ቅርጽ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሳሎኑ 4.2 ሜትር ከረዘመ 343ን ለእጥፉ፣ ለ8.4፣ ያካፍሉት፤ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ይመጣል፤ ሳሎኑ በራሱ የሚያስተጋባው ድምፅ ይህ ነው። የቤዝ ጊታር የወፍራሙ ክር ድምፅ ማለት ነው። አንድ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ቴሌቪዥን ሥር ሲቀመጥ ይህ ድምፅ ጫፍና ጫፍ ግድግዳው ጋ ይጎላል፣ መሐል ላይ ይደክማል። መሐል የተቀመጠው ሰው በጨመረ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው ግድግዳው ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ቤዝን እምብዛም ስለማይመጥጡ በእኛ ቤት ይብሳል።

ትልቅ ሰብዉፈር ይህን አይፈታም። አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ትንንሾች ይሻላሉ፦ አንዱ የፊት ግድግዳ መሐል፣ ሌላው ትይዩው የኋላ ግድግዳ መሐል። ከሁለት ጫፍ እኩል ሲገፉ ያ የ41 ኸርዝ መርገብገብ ይከስማል፤ በመቀመጫዎች መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል። ጎን ለጎን ቢደረደሩ ትርፉ ጉልበት ብቻ ነው። እርግጥ ሁለት መሆናቸው ግድግዳን አይደፍንም፤ ሌሊት መቀነስ አይቀርም።

የሪሲቨሩ (የዲሹ ሳይሆን ስፒከሮቹን የሚነዳው አምፕሊፋየር) የሰብዉፈር መውጫ በዋይ ገመድ ለሁለቱ ይከፈል። የድምፅ ቁልፋቸው እኩል ይሁን፤ የክሮስኦቨር ቁልፋቸው (ከየትኛው ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ለሰብዉፈር እንደሚሄድ የሚወስነው) መጨረሻው ላይ ይደረግና 80 ኸርዝ ሪሲቨሩ ላይ ይመረጥ። ብዙው ሰው የሚሳሳተው «ፌዝ» የሚለው፣ የስፒከሩን ግፊት የሚገለብጠው ማብሪያ ላይ ነው። አንዱ 0፣ ሌላው 180 ከሆነ መሐል ሶፋው ላይ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋል፣ ጫፎቹ ይብሳሉ። የ40 ኸርዝ መሞከሪያ ድምፅ ከፍተው መሐል ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው የአንዱን ማብሪያ ያዘዋውር። የጎላበት ትክክለኛው ነው።

ኢኩዋላይዘር (የቀጭኑንና የወፍራሙን ድምፅ መጠን ለየብቻ የሚያስተካክለው) በመጨረሻ ይነካ፤ ያበጠውን ለመቀነስ እንጂ የጠፋውን ለመሙላት አይሁን። 10 ዴሲቤል መጨመር ከአምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል።

«እምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ሁለቱንም ከሪሲቨሩ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ የመሬት ሽቦውን ግን በፍጹም አይቁረጡ። ከአሜሪካ የመጣ ሰብዉፈር ካለ ጀርባው ይነበብ፦ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

አንድ የድምፅ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ