ሳይፈተሹ ስለተከራዩ ሁለት ብስክሌቶች የቀረበ ቅሬታ

ለብስክሌት አከራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፡- ያላግባብ የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስና ብስክሌቶቹ ከመከራየታቸው በፊት እንዲፈተሹ ስለመጠየቅ

ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እኔና ባለቤቴ ከድርጅትዎ ሁለት ብስክሌቶችን ለሁለት ሰዓት ተከራይተን፣ 400 ብር ከፍለንና መታወቂያዬን በመያዣነት አስይዘን ወጥተን ነበር። ሐሳባችን ሰፈራችንን ቀስ እያልን ዞረን፣ እስከ ቦርከና ድልድይ ደርሰን ለቡና ወደ ቤታችን መመለስ ነበር። ባለቤቴ ደሴ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ በበዛበት ሰፈር ብስክሌት የመንዳት ዕድል ስላልገጠማት የተማረችው ኮምቦልቻ ከገባን በኋላ፣ በሜዳው ላይ ነው። ያን ጠዋት ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቀው እንደነበር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ከግቢዎ ከወጣን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የተቀመጥኩበት ኮርቻ ወደ ታች ይሰምጥ ጀመር። መጀመሪያ የመንገዱ ጉድጓድ ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ፔዳሉን በመታሁ ቁጥር ጉልበቴ ወደ ደረቴ እየቀረበ ሲመጣ፣ ከኋላ ትከተለኝ የነበረችው ባለቤቴ «አንተ፣ ቁመትህ እያጠረ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ወርጄ ሳየው ኮርቻውን የሚያጠብቀው ብሎን ጥርሱ ተበልቶ ዳዶው ወልቋል። ዳዶውን ባለቤቴ ወደ ኋላ ተመልሳ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አገኘችው፤ መልሰን ብናስገባውም በጣት ሲነኩት ዝም ብሎ የሚሽከረከር እንጂ የሚጠብቅ አልሆነም። ስለዚህ የቀረውን መንገድ የነዳሁት ከኮርቻው ተነሥቼ፣ ቆሜ ነው። የሰፈሩ ልጆች እየተንጫጩ አጀቡን፤ ከመካከላቸው እኔው የማስተምራቸው ነበሩበት።

የባለቤቴ ብስክሌት ደግሞ ካቴናው ከመርገቡ የተነሣ ሦስት ጊዜ ወለቀ። ሦስቱንም ጊዜ በእጄ መለስኩት። በአራተኛው ጊዜ የቀሚሷ ጫፍ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ገብቶ ያዛት፤ ብስክሌቱ የካቴና መከለያ የለውምና። መውረድም መንዳትም አቅቷት እኔ ትከሻዋን ደግፌ ስቆም አንድ የባጃጅ ሹፌር አይቶን አቆመ፤ ተንበርክኮ ፔዳሉን በእጁ ወደ ኋላ እያዞረ ቀሚሱን በትዕግሥት አስለቀቀልን። ቀሚሱ አንድ ስንዝር ያህል ተቀዷል፤ ግራሶውም እስከ ዛሬ በእጥበት አልለቀቀም።

እስካሁን የጠቀስኩትን እንደ ገጠመኝ ቆጥረን ልናልፈው እንችል ነበር። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ፍሬኑ ነው። ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ባለቤቴ ሁለቱንም ፍሬኖች ይዛ ብትጨምቅ ማንሻዎቹ ከመሪው ጋር ተጣበቁ፤ ብስክሌቱ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። ከፊቷ ሰው ስላየች መሪውን ወደ መንገዱ ዳር አዙራ ለሽያጭ ከተቀመጠ የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ገባች። ደርሼ ሳነሣት ነጠላዋም ፀጉሯም ጭድ ብቻ ነበር። የጭዱ ባለቤት፣ አንድ አባት፣ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ከተረፍሽ ጭዱ ይሰበሰባል» አሏት፤ ላበላሸነው ልንከፍል ብንለምናቸውም እንቢ አሉ። ደህና መሆኗን ካየን በኋላ በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ቆየት ብዬ ፍሬኑን ሳየው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ቸርኬውን ጨምቆ መያዝ ያለበት ጎማ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፤ የግራው የፍሬን ሽቦም ተበጣጥሶ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ይህ በአንድ ቀን የሚመጣ ብልሽት አይደለም። ከድርጅትዎ የሚከራዩ ወጣቶች ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ መንገድ እንደሚነዱ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወረደው በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ ውስጥ፣ እየተጠማዘዙና ከከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፉ ነው። ያ ብስክሌት በዚያ ቀን ለአንድ ወጣት ደርሶት ሐረጎ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚቀበለው ጭድ አልነበረም።

ብስክሌቶቹን እየገፋን ስንመለስ 40 ደቂቃ አሳለፍን። ሠራተኛዎ ለመዘግየታችን 100 ብር፣ ለካቴናው ጥገና 350 ብር ካልከፈልን መታወቂያዬን እንደማይሰጠን ነገረን፤ ከፍለን ወሰድን። ፍሬኑን ላሳየው ብሞክር ሊያየው አልፈለገም። ከዚያም ወደ ባለቤቴ ዞሮ «በዚህ ዕድሜዎ ብስክሌት ምን ያደርግልዎታል?» አላት። ባለቤቴ አልመለሰችለትም፤ ቤት እስክንደርስም ምንም አልተናገረችም። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያመመኝ ይህ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚሁ መሠረት ያላግባብ የከፈልነው 450 ብር እንዲመለስልን፣ የቀሚሱ ዋጋ እንዲተካልን፣ ሠራተኛዎም ባለቤቴን በአካል ይቅርታ እንዲጠይቃት አመለክታለሁ። ሁለቱ ብስክሌቶች ደግሞ ፍሬናቸው እስኪቀየር ድረስ ለማንም እንዳይከራዩ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ይህኛው መልስዎን የሚጠብቅ ሳይሆን ዛሬውኑ የሚፈጸም ነው። ጎማ መጭመቅ፣ ፍሬን መሞከርና ብሎን ማጥበቅ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ባለቤቴ በመጪው እሑድም መንዳት ትፈልጋለች። የተስተካከለ ብስክሌት ካላችሁ ከእናንተው እንከራያለን።

የከፈልንበትን ደረሰኝ ቅጂ፣ እንዲሁም ከሱቁ ደጃፍ ያነሣናትን ዳዶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛዎ