ሁሉን ፈትኑ ሲባል

ሰላም የግሩፓችን ልጆች፣ ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃል የተነሳውን ክርክር ሳነብ አመሸሁ። «ኩሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ»፣ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ ነው ነገሩ። እኛ ግን «ፈትኑ»ን የፋይናል ፈተና አደረግነው፤ ሃንዳውት ሸምድዶ ኤ ማፈስ ብቻ (እኔም ከሸምዳጆቹ ነበርኩ፣ አልክድም)።

የድሮዎቹ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ ብዙው በመምህርነት፣ ጠመኔ ይዞ። የከተማው ልጅ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ። እ.ኤ.አ. በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውም የዚያው ግቢ ተማሪ ነው።

ዛሬም የሕግ ተማሪዎች አቅም ለሌለው ሰው በነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ሳይ ደስ ይለኛል። እኛስ? በክረምት ለሰፈራችን ልጆች ማስጠናት የምትችሉ እስከ ዓርብ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉ!