ለበጎ ፈቃድ ወደ ውጭ ለምትሄዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ውጭ አገር ሄዶ በሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃድ ስለማገልገል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የወጣቶቹ ቅንነት ደስ ይላል። ግን አንድ ትልቅ ነገር ተዘልሏል። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች የአብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አለ። ብዙዎቹን ከቤት ያስወጣቸው ድህነትና የትምህርት ወጪ ነው። ጎብኚና እርዳታ ሲበዛ ደግሞ ልጆችን ከቤተሰብ ነጥለው መነገጃ የሚያደርጉ ይመጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕፃናት መብት ውሳኔ ይህን ጉዳይ ያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስምህን እንኳ የማያውቅ ሕፃን ሮጦ እግርህ ላይ ይጠመጠማል። ፍቅር ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ተንከባካቢ የተፈራረቀበት ልጅ ምልክት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣህን ስትሸክፍ፣ ልጁ እንደገና ሰው ተለየው ማለት ነው። አንጀት ይበላል።

መርዳት የምትፈልጉ፣ እባካችሁ የአገሩን መምህራን አግዙ። እነሱ እዚያው ይቆያሉ፤ ቋንቋውንም ያውቃሉ። የአውሮፕላን ቲኬቱ ገንዘብ ለደብተር፣ ለደንብ ልብስና ለትምህርት ቤት ክፍያ ቢውል፣ ልጁ ከእናቱ ሳይለይ ይማራል። የግድ እሄዳለሁ የሚል ሰው ድርጅቱን ይጠይቅ፦ የበጎ ፈቃደኞችን የወንጀል ሪከርድ ታጣራላችሁ? ልጆቹን ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ ምን እየሠራችሁ ነው? መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘባችሁን አትስጡ።

የዘወትር አንባቢያችሁ